«መልሰው መቃኘት አለባቸው» ምን ማለት ነው? (ቃኘ፣ ተቀኘ፣ ቅኝ)

ሰዋስው ያስጨነቃት፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ቀን ሙሉ ይዞኛል። የአንድ ውይይት ቅጂ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ እየገለበጥኩ ነው። ርእሱ የአፍሪካ ሕዝቦች ከቅኝ አገዛዝ በኋላ የራሳቸውን የማወቅ መንገድ እንዴት ይመልሱ የሚል ነው። ተናጋሪው ሽማግሌ ናቸው፣ አማርኛቸው ያስቀናል። እንዲህ አሉ፦ «ከቅኝ የወጡ የአፍሪካ ሕዝቦች ዕውቀታቸውን መልሰው መቃኘት አለባቸው፤ ያለዚያ የተቀኙት ለሌላ ነው።» ግርጌው ላይ ለወጣት አንባቢ ፍቺ ጻፊ ተብያለሁ። እና «መቃኘት» እዚህ ምንድን ነው? እንደ ክራር ማስተካከል? እንደ ቃፊር ዞሮ ማየት? ወይስ መመርመር? «የተቀኙት ለሌላ ነው» የሚለውስ ቅኔ ተቀኙ ነው ወይስ ተገዙ? ለሐሙስ ነው የምፈልገው።

ፊደል ቆጣሪ፦
በመጀመሪያ «ዐረፍተ ነገር» በግእዙ ዐ ነው፣ በራብዑ ዓ አይደለም። ግሱ ዐረፈ ነው። ይህን ካስተካከልን በኋላ ወደ ጥያቄሽ እንሄዳለን።

የቆሎ ተማሪ፦
እህቴ፣ ሦስት ግስ አይደለም የጠየቅሽው፣ አንድ ነው። ግእዙ ቀነየ ይላል። ገዛ፣ አስገበረ ማለት ነው። ተቀንየ ሲሆን ተገዛ፣ አገለገለ ይሆናል። ዳዊት በሁለተኛው መዝሙር «ተቀነዩ ለእግዚአብሔር በፍርሀት» ይላል። አማርኛው «ለእግዚአብሔር በፍርሃት ተገዙ» ብሎ መልሶታል። ቅኔም ከዚያው ነው፤ መጀመሪያ መገዛት፣ ማገልገል ነበር፣ ኋላ በአገልግሎት ላይ የሚቀርበው ድርሰት ስም ሆነ። «ነ»ና «የ» ተዋሕደው አማርኛው «ኘ» አደረጋቸው፣ ተቀኘ አለን። ስለዚህ ቅኝ ግዛት ስትዪ ቃል በቃል «የተገዙበት ግዛት» ነው ያልሽው፤ ግዛት በግዛት ላይ። የሽማግሌው ንግግር ግልጽ ነው። አልቋል።

ግራ ቀኝ፦
አላለቀም። በኔ ምርምር ቅኝ የመጣው ከቀኝ ነው። ቅኝ ገዥ በቀኙ እየጨበጠ በግራው ይወስዳል። ማስረጃ አልጠየቃችሁኝም፣ አመሰግናለሁ።

የቆሎ ተማሪ፦
ቀኝ በግእዝ «የማን» ይባላል። ወደ ግራህ ተመለስ።

አባ ግስ፦
የኔታ በክብር ልቃወምዎት። ቅኔን ከቀነየ ማምጣትዎ ትክክል ነው፣ ማንም አይከራከርም። «ቅኝ ግዛት»ን ግን በግድ እዚያ አያስሩት። ቃኘ የሚባል ጎበዝ የአማርኛ ግስ አለን፤ ዞሮ አየ፣ አሰሰ፣ ሰለለ። የራስ መኮንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ነው። ኮርያ የዘመተው ጦራችን ቃኘው የተባለው ከዚያ ነው። እና ነገሩን በታሪኩ እዩት እስቲ። የአውሮፓ ሰው አፍሪካን ከመግዛቱ በፊት ምን አደረገ? ቃኘ። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ አገኘሁ አለ። ከሱ በፊት ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 አይቶታል። ከሁለቱም በፊት ደግሞ የግሽ ሰው እየቀዳ ይጠጣው ነበር! እንግሊዛዊው አሳሽ ስፔክ በ1858 ያን ትልቅ ሐይቅ አይቶ በንግሥቱ ስም ቪክቶሪያ አለው። ሐይቁ እኮ ስም ነበረው፤ ባጋንዳዎቹ ናሉባሌ፣ ሉዎዎቹ ናም ሎልዌ ይሉታል። መጀመሪያ ቃኙ፣ ቀጥለው ስም አወጡ፣ ቀጥለው ገዙ። ቅኝ ግዛት ማለት የተቃኘ ግዛት ነው። እና «መልሰው መቃኘት» ማለት በሌላ ሰው ዓይን የታየውን አገር በራስ ዓይን እንደገና ዞሮ ማየት ነው።

የቆሎ ተማሪ፦
ታሪኩ ያምራል። ግን ፈረስ አገር አይገዛም። ቃኘ ራሱ ከቀነየ ላለመውጣቱ ምን ማስረጃ አለህ?

አባ ግስ፦
ለመውጣቱስ እርስዎ ምን አለዎት?

የቆሎ ተማሪ፦
ዋሸራ ሁለት ዓመት ቅኔ ተምሬአለሁ፣ ቆሎ ለምኜ፣ ከውሻ ጋር ተናክሼ። አንተ የት ተማርክ?

አባ ግስ፦
እኔ ጎንጅ የተማረ አጎት አለኝ።

ግራ ቀኝ፦
በአጎት የተቆጠረ ቅኔ ስንት ቤት ነው?

ባለክራሩ፦
ይቅርታ፣ ጥያቄዋን ያነበበ አለ? እኔ ቀላል ነው ብዬ አምናለሁ። ክራር የሚመታ ሰው ጠይቁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ እነዚህ ቅኝቶች ናቸው። ክራርህን ስትቃኝ አንድ ነገር ታውቃለህ፦ መነሻህ ከውጭ የተሰጠ አይደለም። ፒያኖ አንዴ ተቃኝቶ ይቀመጣል፣ ዘፋኙ ወደ ፒያኖው ይሄዳል። ክራር ግን የዘፋኙን ድምፅ ሰምተህ ወደ እሱ ነው የምታመጣው። ድምፁ ወፍራም ከሆነ ታወርዳለህ፣ ቀጭን ከሆነ ትወጥራለህ። አውታሮቹ ያው ናቸው፣ አንዱንም አትጥልም፣ መነሻው ነው የሚለወጠው። ሽማግሌው ያሉት ይህን ነው ብዬ እገምታለሁ። ለሌላ ሰው ድምፅ ተቃኝቶ የቆየ ክራር ይዘህ በራስህ ድምፅ ብትዘፍን ወይ ጉሮሮህ ይቀደዳል ወይ ክራሩ ያሳፍርሃል።

ምሳሌ ልስጥ። በ1968 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሦስት መምህራን የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሉ ይቅር ብለው ጻፉ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «እንግሊዝኛ አይነበብ አሉ» ብሎ ነው የሚያወራው። አላሉም። ያሉት፣ ለምን የሌላው ሥነ ጽሑፍ መሐል ሆኖ የኛ በጎን ይለጠፋል፣ አፍሪካን መሐል እናድርግና ሌላውን ከዚያ ተነሥተን እንየው ነው። ገመድ አልበጠሱም፣ መነሻ ነው የለወጡት። ያ መቃኘት ነው።

ሰዋስው ያስጨነቃት፦
ባለክራሩ እግዜር ይስጥልኝ! ስለዚህ ግርጌው ላይ «ከራስ ድምፅ ጋር ማስማማት» ብዬ ልጻፍ?

ፊደል ቆጣሪ፦
«ማስማማት»ን አጥርተሽ ጻፊው።

የቆሎ ተማሪ፦
አትቸኩዪ። ሽማግሌው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቅኝ፣ መቃኘት፣ የተቀኙት ብለው ሦስት ጊዜ አንዱን ሥር ሲደጋግሙ በአጋጣሚ ይመስልሻል? ይህ ቅኔ ነው። ሰሙ ክራር ነው፣ ወርቁ ባርነት ነው። «የተቀኙት ለሌላ ነው» ማለት በሰሙ ለሌላ ሰው ዘፈኑ፣ በወርቁ ለሌላ ተገዙ። አንባቢዎችሽ ይህን ካላወቁ ግርጌሽ ከንቱ ነው።

አባ ግስ፦
የኔታ፣ ይህማ ሰምና ወርቅ አይደለም። ሰምና ወርቅ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ያቆማል፣ ሰሙ ይነገራል ወርቁም ይነገራል፣ ይገጣጠማሉ። እዚህ አንድ ቃል ብቻውን ሁለት ፍቺ ይዟል። ይህ ኅብር ይባላል።

የቆሎ ተማሪ፦
ኅብር የሰምና ወርቅ ልጅ ነው።

አባ ግስ፦
ልጅ አባቱን አይደለም።

ግራ ቀኝ፦
ውስጠ ወይራ የሚባለው የቅኔ ዓይነት ነው ብዬ ልግባ?

የቆሎ ተማሪ እና አባ ግስ (አንድ ላይ)፦
አይደለም!

ግራ ቀኝ፦
ቢያንስ አስታረቅኳችሁ።

(ከዚህ በታች ስለ ኅብርና ሰም ለበስ የተጻፉ አሥራ አንድ መልሶች ተሰርዘዋል። እባካችሁ ቤተሰብ አንሳደብ። — ቤት ጠባቂው)

እንዶድ፦
እኔ የሚገርመኝ ሁላችሁም «መቃኘት» ላይ ሙጭጭ ስትሉ «ዕውቀታቸውን» የሚለውን ማንም አላየውም። ችግሩ እኮ እዚያ ነው። በአማርኛ ስለ ማወቅ የምንናገርባቸው ቃላት ራሳቸው ጎን ለይተዋል። እስቲ ቁጠሩ። «አዋቂ» ማለት የሚያውቅ ሰው ነው። ግን ጎረቤትህ «አዋቂ ቤት ሄደች» ብትልህ ምን ትረዳለህ? ጠንቋይ። የገዛ መንደሩን ዕውቀት የያዘውን ሰው ስም ለስድብ ሰጥተን፣ ለዲግሪ ባለቤቱ «ምሁር» አልነው። ምሁር ከመሀረ ነው፣ አስተማረ። ቡሩክ የተባረከ፣ ክቡር የተከበረ፣ ምሁር ደግሞ የተማረ፣ ማለትም ሌላ ያስተማረው። ማን ነው ያስተማረው? ምሁር የሚለው ቃል ብቻውን ተደራጊ ነው። አዋቂ ግን አድራጊ ነው፣ ራሱ ያውቃል።

ፊደል ቆጣሪ፦
ይህ ድንቅ ነው፣ ግን አደራ በሃሌታው ሀ ጻፊው። በሐመሩ ሐ «ምሑር» ካልሽ ምሕረት የተደረገለት ይሆናል። አማርኛው ደግሞ ባሰበት፤ «ተማረ» ስንል ትምህርት ቀሰመም ነው፣ ይቅር ተባለም ነው።

ግራ ቀኝ፦
እንግዲህ ስንቱ ምሁራችን ተምሮ ስንቱ ተምሮ እንደወጣ በምን ይለያል።

እንዶድ፦
😂 እና «ባህላዊ»ን ጨምሩበት። ባህል በግእዙ አነጋገር ነው፣ ብህለ፣ አለ ከማለት። ባህላዊ ዕውቀት በቀጥታ ሲፈታ «የተባለ፣ በቃል የተላለፈ» ነው፣ ምንም ነውር የለበትም። ዛሬ ግን «ባህላዊ መድኃኒት» ስትል ያልተረጋገጠ፣ «ዘመናዊ መድኃኒት» ስትል የተረጋገጠ ማለት ሆኗል። ዘመን እና ቃል መቼ ተጣልተው ነው?

ስሜን እንዶድ ያልኩት ለዚህ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ፤ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ደግሞ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተገኙ። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ትልቅ ነገር ነው፤ እሳቸውና ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተሸለሙበት። ግን እዚያ እስኪደርስ ጥናቱ የውጭ ላቦራቶሪ መስፈርት አላሟላም እየተባለ ዓመታት ተጓተተ። አሁን ጥያቄዬ፣ ይህን ማን «አገኘ»? አክሊሉ ቀንድ አውጣዎቹን የገደለውን ነገር አገኙ። ሴቶቹ እንዶዱን ያውቁት ነበር። አንዱ አገኘ እንላለን፣ ሌላዋ ታውቃለች እንላለን፣ ሽልማቱ ግን «ላገኘ» ነው። አክሊሉን ልወቅስ አይደለም፤ ወደ ወንዙ ወርደው፣ ዓይናቸውን ከፍተው፣ ሴቶቹ ከቆሙበት ተነሥተው ነው ያዩት። እንዲህ ያለ ሳይንቲስት ብዙ ቢኖረን ይህን ሁሉ ባልተጨቃጨቅን።

አባ ግስ፦
የሳኖችንም ጨምሪ። ደቡብ ላይ ካላሃሪ ውስጥ አዳኞቹ ረኀብና ጥም እንዲያስታግስላቸው ሁዲያ የሚባል እሾሃም ተክል ያኝኩ ነበር። የደቡብ አፍሪካ የምርምር ምክር ቤት በ1996 የፈጠራ መብት አወጣበት፤ ከሳኖቹ ጋር የጥቅም ድርሻ ስምምነት የተፈረመው በ2003 ነው። እነሱ አወቁ፣ ሌላው አገኘ። ያው የኔ «ቃኘ» ነው ታዲያ! ቃኝቶ ማግኘት።

የቆሎ ተማሪ፦
ነገሩን ወደ ፈረስህ ባትመልሰው ይገርመኝ ነበር። እህት እንዶድ ግን አንድ ነገር ረስተሻል። በግእዝ አእምሮ ማለት ዕውቀት ነው፣ ከአእመረ፣ አወቀ። በአማርኛ ግን አእምሮ የጭንቅላት ሥራ ሆነ። ሰዎች «አእምሮን ከቅኝ ማላቀቅ» ሲሉ ግእዝ ለሚያውቅ ሰው «ዕውቀትን ከመገዛት ማላቀቅ» ነው ያሉት። ሁለት የተለያየ ዘመቻ የሚመስላቸው አሉ። አንድ ነው።

እንዶድ፦
ይህን አላውቅም ነበር። የኔታ፣ ለዚህ ብቻ ሁለቱን የዋሸራ ዓመታት ይቅር ብዬዎታለሁ።

አዲስ ገቢ፦
ሰላም። ግን እኛ ኢትዮጵያውያን ቅኝ አልተገዛንም እኮ። 1888ን ረሳችሁ? ይህ የኬንያና የናይጄሪያ ጉዳይ ነው። እኛን ምን አገባን?

ባለክራሩ፦
ወንድሜ፣ ዓድዋ ላይ አልተቃኘንም፣ እሺ። ትምህርት ቤት ላይስ? በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት አስተማሪዎቹ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ዛሬ ልጅህ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክስን በምን ቋንቋ ነው የሚማረው? ማንም በጠመንጃ አላስገደደንም፣ ራሳችን ነው ክራሩን ለሌላ ድምፅ ያስቃኘነው። ይህ ከኬንያው ይልቅ የሚያሳስብ ይመስለኛል፣ የሚከሰስ የለማ።

አዲስ ገቢ፦
ታዲያ ሳይንስን በግእዝ ልንማር ነው?

የቆሎ ተማሪ፦
ምን አለበት።

ፊደል ቆጣሪ፦
በስንተኛው ዐ?

ወይራ፦
ቆይ እኔም የኔን ልበል። ይህን ነገር «አገር በቀል ዕውቀት» ነው የሚሉት አይደል? ያ ቃል ይጨንቀኛል። በቀለ ማለት ተክል ከምድር ወጣ ነው። በቀል ደግሞ ቂምን መመለስ ነው፣ ተበቀለ። ፊደሉ አንድ ነው። «አገር በቀል» ሲባል ሁልጊዜ አገሩ የሚበቀል ይመስለኛል። ከልጅነቴ እንደዚህ ነው የምሰማው።

ግን ቃሉን ከዛፍ ነው የለመድኩት። ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ አገር በቀል ናቸው፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ስሙ እንደሚለው ከባሕር ማዶ የመጣ። በምኒልክ ጊዜ መጣ፣ ቶሎ አደገ፣ ማገዶና ቤት ሆነን። ዛሬ ጣራችን፣ አጥራችን፣ ሬሳ የምንሸከምበት ቃሬዛ ሳይቀር እሱ ነው። ሥሩ ግን ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አይበቅልም። የውጭውን ዕውቀት ነቅለን እንጣል የሚሉ ሰዎች ባሕር ዛፍን አንድ ቀን ቆርጠን እንጨርስ እንደሚሉ ናቸው፤ ማታ በምን ሊያበስሉ? እኔ የምለው ከባሕር ዛፉ ራቅ ብሎ ወይራ የሚተከልበት ቦታ ይኑር ነው። አንዱን ከሌላው ሥር አትትከል።

ግራ ቀኝ፦
እና ውስጠ ወይራ ነው ስል ሰደባችሁኝ።

አባ ግስ፦
ወይራ ጥሩ ብለሃል፣ ግን በቀለና ተበቀለ አንድ ሥር መሆናቸውን በምን አወቅህ?

ወይራ፦
አላልኩም። ይመስለኛል ነው ያልኩት።

የቆሎ ተማሪ፦
«ይመስለኛል» ከ…

ሰዋስው ያስጨነቃት፦
የኔታ፣ በእመብርሃን! ዛሬ ሐሙስ ነው። ቢቸግረኝ ሽማግሌውን ራሳቸውን በስልክ አገኘኋቸው። ዐረፍተ ነገሩን (በግእዙ ዐ) አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ እንደዚያ ብያለሁ እንዴ?» አሉኝ። «'ዕውቀታቸውን መልሰው ማግኘት አለባቸው፣ ያለዚያ ያገኙት ለሌላ ነው' ያልኩ ነው የሚመስለኝ።»

ማግኘት! መቃኘት አይደለም!

ቅጂውን ስድስት ጊዜ አዳመጥኩት። ልክ እዚያ ላይ አንድ ሰው ያስላል። «ማግ» ነው «መቃ» ነው፣ በእውነት አይለይም። ለሳቸው ይህን ስነግራቸው ሳቁና «ያንቺ ይሻላል፣ እንደዛው ተዪው» አሉኝ። እና አሁን ምን ብዬ ልጻፍ?

ባለክራሩ፦
ያንቺ ይሻላል ካሉማ ያንቺን።

እንዶድ፦
ኧረ «ማግኘት» ይሁን! ስለ «አገኘ» ያን ሁሉ የጻፍኩት በከንቱ ነው?

አባ ግስ፦
በሌላ አነጋገር የኔታ ሰምና ወርቅ ያሉት ሰውየው ሲያስል ነው።

የቆሎ ተማሪ፦
ሳልም ቢሆን ያለ ፈቃዱ አልመጣም። ደግሞ ደስ አይበላችሁ፣ «አገኘ»ም ቢሆን አታመልጡም። «ኘ»ዋን እዩዋት። ቀነየ ተቀኘን ከሰጠ፣ ገነየ ምን ይሰጣል? ገነየ ሰገደ፣ ተገዛ፣ አመሰገነ ማለት ነው። «እገኒ ለከ እግዚኦ በኵሉ ልብየ» የሚለውን ዳዊት ደጋሚ ሁሉ ያውቀዋል።

አባ ግስ፦
አገኘን ከገነየ? አይ የኔታ! አገኘ በግእዝ ረከበ ነው፣ ሕፃን ያውቀዋል።

የቆሎ ተማሪ፦
ሕፃኑ የት ተማረ?